ከመሸምደዳችሁ በፊት ቀና በሉ
ለሰሜን ሸዋ ተማሪዎች

ልጆቼ፣

ደብረ ብርሃን ፊዚክስ ሳስተምር ኖሬ ነው ጡረታ የወጣሁት። ዛሬም መንገድ ላይ የሚያገኙኝ ተማሪዎች ስለ ፈተና ይጠይቁኛል። የኮከብ ነገር ከተነሳ ጥያቄያቸው አንድ ነው፤ «መምህር፣ ይሄን ሁሉ የኮከብ ዓይነት እንዴት ልያዘው?» መልሴም አንድ ነው። መጀመሪያ ውጡና እዩት።

ታኅሣሥ መጨረሻ ወይም ጥር ላይ ጨረቃ የሌለችበት ምሽት ምረጡ። ውርጩ አይቻልምና ጋቢም ሆነ በርኖስ ደርቡ። ከምሽቱ 3 ሰዓት ገደማ ቀና ስትሉ ሦስት ኮከቦች በአንድ መስመር ተደርድረው ታያላችሁ። ኦሪዮን የሚባለው የኮከቦች ስብስብ መቀነት ናቸው። ከእነሱ ወደ ሰሜን ቀላ ያለ ደማቅ ኮከብ አለ፤ ቤቴልጁዝ ነው። ወደ ደቡብ ደግሞ ነጭ ሆኖ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ አለ፤ ራይጀል ነው። ሁለቱን እያፈራረቃችሁ ተመልከቱ። ልዩነቱ በባዶ ዓይን ይታያል።

ቀለሙ ሙቀቱን ይነግራችኋል። የቤቴልጁዝ ገጽ 3,300 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ነው። የፀሐያችን 5,500፣ የራይጀል ደግሞ ወደ 12,000 ይጠጋል። ቀዩ ቀዝቀዝ ያለው፣ ሰማያዊው የጋለው ነው። ብዙ ተማሪ ፈተና ላይ የሚገለብጠው ይህንን ነው። ሁለቱን ኮከቦች አንዴ ያየ ግን አይገለብጥም። ኦ፣ ቢ፣ ኤ፣ ኤፍ፣ ጂ፣ ኬ፣ ኤም የሚባለው ምደባም ከጋለው ወደ ቀዝቃዛው የሚወርድ ተራ ነው። ራይጀል ቢ፣ ፀሐይ ጂ፣ ቤቴልጁዝ ኤም ላይ ይወድቃሉ።

ይህን ተራ ያስያዘችው አኒ ጃምፕ ካነን የምትባል አሜሪካዊት ናት። ጆሮዋ በደንብ አይሰማም ነበር። 350,000 ያህል ኮከቦችን አንድ በአንድ እያየች መደበች። ከእሷ በኋላ የመጣችውን ሴሲሊያ ፔይንን ደግሞ በተለይ ሴቶች ልጆቼ እንድታውቋት እፈልጋለሁ። እ.ኤ.አ. በ1925 በዶክትሬት ጽሑፏ ኮከቦች በአብዛኛው ሃይድሮጂን መሆናቸውን አሳየች። በዘመኑ ትልቅ ስም የነበረው ሄንሪ ኖሪስ ራስል ግን ሊሆን አይችልም አላት። እሷም ውጤቱ እውነት እንደማይመስል በገዛ ጽሑፏ ላይ እንድታሰፍር ሆነች። ከአራት ዓመት በኋላ ራስል ራሱ በሌላ መንገድ ሄዶ እዚያው ደረሰ፤ እሷ ቀድማ ማግኘቷንም መሰከረ። ስሌታችሁን ደጋግማችሁ አጣርታችሁ ልክ ከሆነ፣ ትልቅ ሰው ስለተቆጣ ብቻ አትሰርዙት። እኔንም ጨምሮ።

ኮከብ የሚወለደው ከጋዝና ከአቧራ ደመና ነው። ደመናው በራሱ ስበት ይሰበሰባል፤ መሐሉ ይግላል። ሙቀቱ 10 ሚሊዮን ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ሃይድሮጂን እየተዋሐደ ሂሊየም መሆን ይጀምራል። ከዚያ በኋላ ስበቱ ወደ ውስጥ ይጫናል፣ የጋለው ጋዝ ግፊት ወደ ውጭ ይገፋል። ሁለቱ ሲመጣጠኑ ኮከቡ ጸንቶ ይኖራል። ፀሐያችን በዚህ ሁኔታ 4.6 ቢሊዮን ዓመት ቆይታለች፤ ገና ወደ 5 ቢሊዮን ይቀራታል።

የኮከብን ዕጣ የሚወስነው ሲወለድ የያዘው ክብደት ነው። ትልቁ ብዙ ነዳጅ ስላለው ረጅም ዕድሜ የሚኖር ይመስላችሁ ይሆናል። ነገሩ ተቃራኒ ነው። ገለባና ኩበት ያነደደ ሰው ይገባዋል። ገለባው ቦግ ብሎ ያልቃል፣ ኩበቱ ቀስ እያለ ያድራል። ግዙፉ ኮከብ በጥቂት ሚሊዮን ዓመታት ነዳጁን ይጨርሳል። ትንሹ ቀይ ኮከብ ግን ከመቶ ቢሊዮን ዓመት በላይ መኖር ይችላል።

ፀሐይን የሚያክል ኮከብ ሲያረጅ ያብጣል፣ ይቀላል፣ የውጭ ሽፋኑን ይጥላል። የሚቀረው መሬትን የሚያክል ነጭ ድንክ ነው። ክብደቱ ከፀሐይ ስምንት እጥፍና ከዚያ በላይ የሆነው ግን ከበድ ከበድ ያሉ ንጥረ ነገሮችን እስከ ብረት ድረስ እየሠራ ይሄዳል። ብረት ሲዋሐድ ኃይል አይሰጥም። ስለዚህ መሐሉ በድንገት ይደረመሳል፣ ኮከቡ ሱፐርኖቫ ሆኖ ይፈነዳል። የሚተርፈው እጅግ የታመቀ ኒውትሮን ኮከብ ወይም ብርሃን እንኳ የማያመልጠው ጥቁር ጉድጓድ ነው። ቤቴልጁዝ የሚጠብቀው ይኸው ነው፤ መቼ እንደሆነ ግን ቀን የሚቆርጥ የለም።

በስማችሁና በእናታችሁ ስም ቆጥሮ «ኮከባችሁ ይህ ነው» ለሚላችሁ ሰው ገንዘባችሁን አትስጡ። ሰማዩ በነጻ ከራሳችሁ በላይ ነው። የእኛ ሰማይ ደግሞ ጥሩ ነው። እንጦጦ ላይ ሁለቱ ባለ 1 ሜትር ቴሌስኮፖች የቆሙት 3,200 ሜትር ከፍታ ላይ ነው። የመንዝ ጓሳ ከዚያም ይበልጣል። ሚያዝያ ላይ ሰማዩ ከጠራ ሰሜን በኩል ትልቁ ድብ፣ ደቡብ በኩል የደቡብ መስቀል የሚባሉትን የኮከቦች ስብስቦች በአንድ ምሽት ታያላችሁ። አውሮፓ ያለ ተማሪ ይህን አያገኝም።

በ2012 ዓ.ም. ክረምቱ ካለፈ በኋላ ቤቴልጁዝ በግልጽ ደበዘዘ፤ የካቲት ላይ ዝቅተኛው ደረጃ ደረሰ። ኮከቡ ራሱ የተፋው አቧራ ስለሸፈነው ነበር። ለውጡን መሣሪያ የሌለው ሰው እንኳ ማየት ይችል ነበር። እናንተም ሞክሩት። ስልካችሁን ኪስ ውስጥ ክተቱና ዓይናችሁ ጨለማውን እስኪለምድ 20 ደቂቃ ጠብቁ። ቤቴልጁዝን አጠገቡ ካለው ቀይ ኮከብ ከአልዴባራን ጋር አስተያዩ። የትኛው ይደምቃል? ቀኑን፣ ሰዓቱንና ደመና መኖር አለመኖሩን ደብተር ላይ ጻፉ። በሳምንቱ ድገሙት። ፋሲካ ሲደርስ ደብተሩን ለፊዚክስ መምህራችሁ አሳዩ።