መልስ፦ ቢትኮይኑን ኤክስቼንጅ ላይ ልተወው ወይስ ወደ ራሴ ዋሌት ላውጣው?

ወንድሜ፣ የማትነግድበትን ወደ ራስህ ዋሌት (ቢትኮይንህን ራስህ የምትይዝበት መተግበሪያ ወይም መሣሪያ) ብታወጣው ይሻላል። ኤክስቼንጅ (ቢትኮይን የሚገዛበትና የሚሸጥበት ድርጅት) ላይ እስካለ ቁልፉ፣ ማለትም ቢትኮይኑን ለማንቀሳቀስ የሚያስፈልገው ምስጢራዊ ኮድ፣ በእነሱ እጅ ነው። ኤፍቲኤክስ የሚባለው ትልቅ ኤክስቼንጅ በፈረንጆቹ 2022 ሲከስር ሰው ሂሳቡን ስክሪን ላይ እያየ ማውጣት አቃተው።

ካወጣኸው ግን ዘበኛውም አንተው ነህ። ዋሌቱን ስትከፍት የሚሰጥህን 12ቱን ወይም 24ቱን የማስመለሻ ቃላት (ስልክህ ቢጠፋ ዋሌቱን የምትመልስባቸው ናቸው) ፎቶ አንስተህ ቴሌግራም ላይ እንዳታስቀምጥ። ወረቀት ላይ ጻፋቸው፣ ያውም በእርሳስ። እኔ በእስክሪብቶ ጽፌ ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼው ነበር። (ለምን ይዤው እንደምዞር አትጠይቀኝ።) ከዘጌ ወደ ባሕር ዳር ስመለስ ጣና ተናውጦ ጀልባዋ ውስጥ ውሃ ገባ። ቤት ደርሼ ወረቀቱን ስዘረጋው ሦስቱ ቃላት ሰማያዊ ነጠብጣብ ሆነዋል! ደግነቱ ዋሌቱ ስልኬ ላይ ይሠራ ነበር። በዚያው ማታ አዲስ ዋሌት ከፍቼ ሁሉንም አዛወርኩ።

አሁን ሁለት ቅጂ አለኝ፣ በላስቲክ የተጠቀለለ። አንዱ ቤቴ፣ ሌላው እናቴ ሳጥን ውስጥ፣ ከነጠላዋ ሥር።

አንተም መጀመሪያ ትንሽ ብቻ ላክ። ከዚያ ዋሌቱን ከስልክህ አጥፍተህ በቃላቱ መልሰው። ከተመለሰልህ የቀረውን ላክ። በውስጥ መስመር «ቃላቱን ላክልኝ፣ ላግዝህ» የሚልህ ካለ ሌባ ነው፣ ብሎክ አድርገው።