ጥናት የሚመልሰውን ጥያቄ መቅረጽ

ጥያቄ፦ በጤና ጣቢያ የምሠራ አዋላጅ ነርስ ነኝ፤ ከሥራዬ ጎን ሁለተኛ ዲግሪዬን እከታተላለሁ። «ክሎርሄክሲዲን ለእትብት ይጠቅማል ወይ?» ብዬ ያቀረብኩትን የጥናት ጥያቄ አማካሪዬ «በጣም ሰፊ ነው» ብለው መለሱብኝ። ጉድለቱ ምን ላይ ነው?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ርዕሱ የጨቅላ ሕፃናትን ሕይወት የሚነካ ስለሆነ እባክዎ አይተዉት። የጎደለው ነገር፣ ክሎርሄክሲዲን የተባለው ጀርም ገዳይ መድኃኒት ለየትኞቹ ሕፃናት፣ ከምን ጋር ተነጻጽሮና በየትኛው ውጤት ተለክቶ እንደሚጠና አለመገለጹ ነው፤ በሙያው «ፒኮ» የሚባለው የጥያቄ አቀራረጽ ዘዴ የሚያስገልጸውም ይህንኑ ነው።

በእርስዎ ርዕስ ብዙውን የሚወስነው «ለየትኞቹ ሕፃናት» የሚለው ነው። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ2006 የታተመውና አብዛኞቹ ሕፃናት በቤት በሚወለዱበት የኔፓል ገጠር የተካሄደው ጥናት፣ ክሎርሄክሲዲን ከባድ የእትብት ኢንፌክሽንን በ75 በመቶ እንደቀነሰ አሳይቷል፤ በ2016 ውጤታቸው የታተመው የዛምቢያና የፔምባ (የታንዛኒያ ደሴት) ጥናቶች ግን በሞት ላይ ጉልህ ልዩነት አላገኙም። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2022 መመሪያው ለሁሉም ሕፃናት እትብትን በንጽሕናና በደረቁ መያዝን፣ ክሎርሄክሲዲንን ግን እንደ እበት ያሉ ጎጂ ነገሮች እትብት ላይ በሚደረጉባቸው አካባቢዎች ብቻ መክሯል። ቦታውን ያልጠቀሰ ጥያቄ ከእነዚህ ማስረጃዎች የትኛው እንደሚመለከተው መለየት አይችልም።

ስለዚህ ጥያቄዎን እንዲህ ቢያቀርቡት እመክራለሁ፦ «እትብት ላይ ቅቤ መቀባት በተለመደባቸው ገጠር ቀበሌዎች በቤት ለሚወለዱ ሕፃናት፣ 7.1 በመቶ ክሎርሄክሲዲን ዲግሉኮኔት በመጀመሪያው ሳምንት በየቀኑ መቀባት፣ እናቶች እትብቱን በደረቁ እንዲይዙ ከመምከር ጋር ሲነጻጸር፣ እስከ 28ኛው ቀን የሚከሠተውን የእትብት ኢንፌክሽን ይቀንሳል ወይ?» ንጽጽሩን «ምንም ሳይደረግ» ብለው እንዳይተዉት አደራ እላለሁ፤ ይህ አባባል በአንዱ ቤት በደረቁ መያዝ፣ በሌላው ቤት ደግሞ ቅቤ መቀባት ማለት ሊሆን ይችላልና።

ከሚለኩት ውጤቶች መካከል ጉዳትንም ያስገቡ። ይህ መድኃኒት በስሕተት የሕፃናት ዓይን ውስጥ ገብቶ እስከ ዓይነ ስውርነት የደረሰ ጉዳት ማድረሱን የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 አስጠንቅቋል፤ ጥቅምን ብቻ የሚለካ ጥናት እንዲህ ያለውን አደጋ መዝግቦ አያስቀረውም።