ቆጥሮ መቀበል ነውር አይደለም

ልጆቼ፣

ይህን ደብዳቤ የሚጽፍላችሁ ከሠላሳ ዓመት በላይ የሰው ገንዘብ ሲቆጥር የኖረ ጡረተኛ ነው። ጎጃም በአንድ ክፍለ ሀገርነት ከደብረ ማርቆስ በሚተዳደርበት ዘመን ገንዘብ ያዥ ሆኜ ተቀጥሬ፣ የመምህራንንና የጤና ሠራተኞችን ደመወዝ ይዤ ወደ ቢቸና፣ ወደ ደብረ ወርቅና ወደ ሞጣ፣ መኪና በማይደርስበት አገር ደግሞ በበቅሎ እመላለስ ነበር። እንደ ዛሬው በየወረዳው ባንክ አልነበረም፤ ወሩ ሲያልቅ ገንዘቡ በሸራ ከረጢት ታሽጎ ወደ ሠራተኛው ይሄዳል እንጂ ሠራተኛው ወደ ገንዘቡ አይመጣም። ከጮቄ የሚወርዱት ወንዞች ክረምት ላይ ሲሞሉ፣ ከረጢቱን ትራስ አድርገን ውኃው እስኪጎድል ወንዝ ዳር የጠበቅንባቸው ቀኖች ጥቂት አይደሉም። ስለ ጥንቃቄ ልነግራችሁ የደፈርሁት ከዚህ የተነሣ ነው እንጂ ከእናንተ የበለጠ ብልህ ሆኜ አይደለም፤ እንዲያውም የምጀምረው ከራሴ ጥፋት ነው።

ሥራ በጀመርሁ በመጀመሪያው ዓመት፣ ወደ ሞጣ የምወስደውን ገንዘብ በዕድሜ አባቴ ከሚሆኑ አንድ ባልደረባ እረከብ ነበር። ሰውዬው በአገሩ የተከበሩ፣ በመንገድ ሲያልፉ ሰው ሁሉ ተነሥቶ የሚያሳልፋቸው፣ እኔንም «ልጄ» እያሉ የሚጠሩኝ ነበሩ። ባለ 10 ብር ኖቶች መቶ መቶ እየሆኑ ታስረው፣ በእያንዳንዱ እስር ወገብ ላይ የወረቀት መቀነት ዞሮበት፣ ጠረጴዛው ላይ ተደርድረዋል። ደንቡ እያንዳንዱን እስር ፈትቶ መቁጠር ነው። እኔ ግን እጄን ወደ መጀመሪያው እስር ስሰድ ቀና ብዬ አየኋቸው፤ መነጽራቸውን አውልቀው በጋቢያቸው ጫፍ ይጠርጋሉ። እኚህን ሰው እፊታቸው ልቆጥርባቸው ነውን ብዬ አፈርሁ። የእስሮቹን ብዛት ብቻ ቆጥሬ ፈረምሁ። ሞጣ ደርሼ ደመወዝ ስከፍል ከአንደኛው እስር 4 ኖት ጎደለ። 40 ብር ዛሬ ለአንድ ምሳ እንኳ አይበቃም፤ ያን ጊዜ ግን የጀማሪ ሠራተኛን ወር የሚያናጋ ገንዘብ ነበር።

ገንዘቡን ከደመወዜ ተካሁ። የከፋው ግን እርሱ አልነበረም። ለወራት ያህል ሦስት ሰው በልቤ ከሰስሁ፤ ሽማግሌውን፣ አብሮኝ የተጓዘውን ጥበቃና በቅሎዋን የሚስብልኝን ልጅ። ከሦስቱ ቢያንስ ሁለቱ፣ ምናልባትም ሦስቱም፣ ንጹሓን ነበሩ። ልጁን ከዚያ ወዲያ በቅሎ እንዲስብልኝ አልጠራሁትም፤ ለምን እንደተውሁትም አልነገርሁትም፤ ይህ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ዓመት ያህል ቆይቼ ነገሩን ለሽማግሌው ባወራቸው ሳይቆጡ ዝም ብለው ሰሙኝና፣ «አዬ ልጄ፣ ያን ቀን ቆጥረህ ብትቀበለኝ ኖሮ እኔንም ከመታማት ታድነኝ ነበር» አሉኝ።

እኔም ከዚያ ቀን ጀምሮ ጥንቃቄን በሌላ ዓይን ማየት ጀመርሁ። እኛ ዘንድ መቁጠር፣ መቆለፍ፣ ደረሰኝ መጠየቅ፣ «አይ፣ አልችልም» ማለት ሰውን እንደ መስደብ ይቆጠራል። ለእንግዳ ፊት አይነሣም፣ ለታላቅ እምቢ አይባልም፣ ለጎረቤት ወረቀት አይጻፍም። ሌባ ደግሞ ይህን ጠባያችንን ከእኛ በተሻለ ያውቀዋል። በሥራዬ ካየኋቸው ጉድለቶች በጉልበት የተነጠቁት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው፤ የቀሩት ሁሉ በይሉኝታና በጥድፊያ የሄዱ ናቸው። አባቶች «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ይላሉ፤ ይህን እቀበላለሁ። «ሰውን ማመን ቀብሮ ነው» የሚለውን ግን አልቀበለውም። የደመወዝ ከረጢት ይዤ «የመሸብኝ የእግዜር እንግዳ ነኝ» ብዬ በማላውቀው ሰው ቤት ብዙ ሌሊት አድሬአለሁ፤ እግሬን አጥበው፣ መደቡን ለእኔ ለቅቀው፣ ራሳቸው በር ሥር የተኙ ባለቤቶች አጋጥመውኛል። በእነዚያም ቤቶች ቢሆን ማታ የከረጢቱን ማኅተም ለባለቤቱ አሳየዋለሁ፤ ጠዋት ስነሣም መልሼ አሳየዋለሁ። አንድም ሰው አልተቀየመኝም። ሌላ ቦታ ገንዘብ ቢጎድል በእርሱ ቤት እንዳልጎደለ እኔም እርሱም እናውቃለን።

አሁን ወደ እናንተ መንገድ ልምጣ። ከአዲስ አበባ ደብረ ማርቆስ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ አውቶቡሱ ማለዳ ስለሚነሣ ብዙ ተሳፋሪ እንቅልፉን ሳይጨርስ መናኸሪያ ይደርሳል። ሰው በጣም የሚዘረፈው በጉዞው ላይ ሳይሆን በዚያች ግርግር ሰዓት፣ ከመናኸሪያው በር እስከ መኪናው በር ባለችው ጥቂት ርምጃ ውስጥ ነው። አንዱ ሻንጣችሁን ሳትጠይቁት ያነሣላችኋል፤ ሌላው «መኪናው ሊሄድ ነው፣ ፍጠን!» ይላችኋል፤ ሦስተኛው ትከሻችሁ ላይ ቆሻሻ ወይም ምራቅ እንዳለ ነግሮ ሊጠርግላችሁ ይጠጋል። እየጠረገ የሚያዝንላችሁ ሰው እጅ አንድ ብቻ አይደለም፤ ጓደኛው በሌላ በኩል ኪሳችሁ ዘንድ ደርሷል። በዚህ ጊዜ የሚያስፈልገው ጠብ አይደለም፤ ዕቃችሁን ወደ ደረታችሁ ስባችሁ፣ «እግዜር ይስጥልኝ፣ እኔው እጠርገዋለሁ» ብላችሁ ግድግዳ ይዞ መቆም ነው። ቆሻሻው ለአሥር ደቂቃ ትከሻችሁ ላይ ቢቆይ ምንም አይጎዳችሁም።

ገንዘብን በአንድ ቦታ አለመያዝን እናቶቻችን ከእኛ ቀድመው ያውቁታል። ለመንገድ የሚሆነውን በእጃቸው፣ የቀረውን በመቀነታቸው ጫፍ ቋጥረው በልብሳቸው ውስጥ ይዘው ነው ገበያ የሚወርዱት፤ ቁምጣ ለባሹ ገበሬም የበሬ ሽያጩን በውስጥ ኪስ ሰፍቶ ያመጣዋል። እናንተም ለሻይና ለታክሲ የምትመዝዙት ገንዘብ የቀረውን የማያሳይ ይሁን። በእኔ ጊዜ ብዙ ብር ማለት ብዙ ሸክም ማለት ስለነበር ሸክሙ ራሱ ያስጠነቅቀን ነበር። በመስከረም 2013 ዓ.ም. ባለ 200 ብር ኖት ከወጣ ወዲህ አንድ እስር 20,000 ብር ነው፤ በሸሚዝ ኪስ ገብቶ ይረሳል።

መኪና ውስጥ ስላለው ነገር ብዙ አልልም። ረዳቱ ዕቃችሁን ከመኪናው ጣሪያ ላይ ወይም ከመኪናው ሆድ ውስጥ ሲጭን ቆማችሁ እዩ፤ መኪናው በቆመ ቁጥር ደግሞ ከመስኮት አንገታችሁን አውጥታችሁ ምን እንደሚወርድ ተመልከቱ። የማታውቁት ሰው «ይህችን ፌስታል ደብረ ማርቆስ ለወንድሜ አድርስልኝ» ቢላችሁ፣ አፋችሁ «እሺ» ለማለት ቢሮጥም፣ ሳትከፍቱና ሳታዩ አትቀበሉ፤ ፍተሻ ላይ ዕቃው የሚጠየቀው ከያዘው ሰው ነው። ያልታወቀ ሰው የሰጣችሁን የተከፈተ ውኃ ወይም ምግብ ማሳለፍም ጾም እንደያዘ ሰው ቀላል ነው፤ እኔ ሁልጊዜ «ሐኪም ከልክሎኛል» እላለሁ፤ ይህች ውሸት እንደምትሰረይልኝ ተስፋ አደርጋለሁ።

ከጎሐ ጽዮን ቁልቁል ወርዶ ደጀን እስኪወጣ ድረስ ያለው የዓባይ በረሃ ጠመዝማዛ ብዙውን ተሳፋሪ በሙቀቱ ያስተኛዋል። በዚያ ቁልቁለት ሾፌሩ በፍጥነት ቢነዳ ንገሩት፤ ተሳፋሪው ሁሉ እየፈራ አንዱ ሌላውን እያየ ዝም የሚለው በይሉኝታ ነው። መንገዱ ክፍት መሆኑን ሳይጠይቁ መነሣትም አሁን ባለንበት ጊዜ አይገባም፤ በዚያው መስመር ትናንት የመጣ ሰው ፈልጋችሁ ጠይቁ፤ ቀኑ የማያደርሳችሁ ከሆነ ከተማ አድራችሁ ጠዋት ተነሡ። የአንድ ሌሊት የአልጋ ኪራይ አይክበዳችሁ።

ዛሬ ግን ትልቁ መናኸሪያ እጃችሁ ላይ ያለው ስልክ ነው። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ፣ ባንኮቹም በስልክ መክፈልን ካስለመዱ ወዲህ፣ እኔ በበቅሎ ሁለት ቀን እጓዝበት የነበረውን ገንዘብ እናንተ ቁጭ ብላችሁ በአንድ ደቂቃ ትልካላችሁ። ሌባውም እንደዚያው ቁጭ ብሎ ይሠራል። በመሥሪያ ቤታችን የነበረው ካዝና ሁለት ቁልፍ ነበረው፤ አንዱ በእኔ፣ ሁለተኛው በኃላፊው እጅ ይቀመጣል፤ ሁለታችን ካልቆምን አይከፈትም። የእናንተም ካዝና ሁለት ቁልፍ አለው፤ አንዱ ስልኩ፣ ሁለተኛው የሚስጥር ቁጥሩ ነው። «ከባንክ ነው የምንደውለው፣ ሒሳብዎ ሊዘጋ ስለሆነ የሚስጥር ቁጥርዎን ይንገሩን» የሚል ሰው ሁለተኛውን ቁልፍ እየለመናችሁ ነው። የባንክ ሠራተኛ የእናንተ የሚስጥር ቁጥር ለሥራው አያስፈልገውም። አንድ ወጣት ዘመዴ ቁጥሩን በወረቀት ጽፎ ከስልኩ መያዣ ውስጥ አስገብቶት አይቼ፣ ሁለቱንም ቁልፍ በአንድ ቀለበት አንጠልጥሎ የሚዞር ኃላፊ ያየሁ ያህል ደነገጥሁ።

ሌላው ደግሞ የቆየው የመንገድ ማታለል አዲስ ልብስ የለበሰበት ነው። ብር ገባ የሚል መልእክት ይደርሳችኋል፤ ወዲያው ስልክ ይደወልና፣ «ወንድሜ፣ በስህተት 3,000 ብር ልኬብህ ነው፤ እናቴ ሐኪም ቤት ናት፤ ስለ እግዚአብሔር መልስልኝ» የሚል የሚያለቅስ ድምፅ ትሰማላችሁ። መልእክቱ ሐሰተኛ ነው፤ ምንም ገንዘብ አልገባም። የሚያለቅስን ሰው አስቁሞ ሒሳብ ማየት ጭካኔ ይመስላል፤ እኔም መነጽር የሚጠርጉትን ሽማግሌ አስቁሜ መቁጠር ጭካኔ መስሎኝ ነበር። ስልኩን ዝጉና ቀሪ ሒሳባችሁን ራሳችሁ ተመልከቱ። በእውነት ተሳስቶ የላከ ሰው ካለም ወደ ባንኩ ሄዶ አመልክቶ በደንቡ ይመለስለታል፤ እናንተ ከኪሳችሁ አትልኩለትም። ሱቅ ያላችሁም ገዢው ስልኩ ላይ የሚያሳያችሁን የክፍያ ምስል አይታችሁ ዕቃ አትስጡ፤ ወደ ራሳችሁ ሒሳብ መግባቱን እዩ። «አትመነኝምን?» ቢላችሁ፣ «አምንሃለሁ፣ ነገ እንዳልጠረጥርህ ነው የማየው» በሉት።

አንዲት ቁራጭ ወረቀትም አዘጋጁ። ስልክ ሲጠፋ በውስጡ ያለው ቁጥር ሁሉ አብሮ ይጠፋልና፣ የቅርብ ዘመድ ስልክ፣ ሲም ካርዱን ለማዘጋት የምትደውሉበትን 994፣ የቴሌብርን 127፣ ሒሳባችሁ በንግድ ባንክ ከሆነም 951 ጻፉባት። *#06# ስትነኩ የሚመጣውን ባለ 15 አኃዝ የስልኩን መለያም ጨምሩበት፤ ፖሊስ ጣቢያ ስታመለክቱ ስልኩ የእናንተ መሆኑን የምታስረዱበት እርሱ ነው። ወረቀቷን ከስልኩ ጋር አትያዙ። የትምህርት ማስረጃችሁንም ዋናውን ቤት ትታችሁ በቅጂው ተጓዙ፤ ዋናው በግድ የሚያስፈልግበት ቀን በፌስታል ሳይሆን በደረታችሁ ይሁን። ገንዘብ ሠርተው ይተኩታል፤ የጠፋ ዲፕሎማ ለማስተካት የሚያልፈውን ደጅ ጥናት ግን ለጠላቴም አልመኝ።

ጉልበተኛ በጨለማ ቢያቆማችሁ ስልኩን ስጡት። ዱላ ይዞ ያደገ የጎጃም ልጅ ንብረቱን ሲነጠቅ ዝም ማለት ውርደት እንደሚመስለው አውቃለሁ፤ እኔም እንደዚያ ነበር ያደግሁት። ነገር ግን ደመወዝ ስንይዝ አለቃችን ይሰጠን የነበረው ትእዛዝ፣ «ገንዘቡ ቢወሰድ በሰነድ እንጽፈዋለን፤ አንተን የምንጽፍበት ሰነድ የለንም» የሚል ነበር።

በቅርቡ ከአዲስ አበባ ስመለስ አጠገቤ አንዲት ተማሪ ተቀምጣ ነበር። ለምሳ ደጀን ስንቆም ቦርሳዋን ወንበሩ ላይ አስቀምጣ፣ «አባባ፣ እርስዎ አይወርዱም አይደል? ይችን ይዩልኝ» አለችኝ። «ልጄ፣ አላይልሽም፤ ይዘሽው ውረጂ» አልኋት። ፊቷ ተለዋወጠ፤ ቦርሳዋን አንሥታ ሳትናገር ወረደች። እኔም ሽማግሌ ሆኜ ልጅ አስቀየምሁ ብዬ ጥቂት ከበደኝ። ተመልሳ ስትመጣ በወረቀት የተጠቀለለ ዳቦ ይዛልኝ መጣች። «አባባ፣ ለእርስዎ ነው የገዛሁት፤ ግን ከማያውቁት ሰው ምግብ ይቀበላሉ?» አለችኝ። ሐኪም የከለከለኝን ነገር ልነግራት አፌን ከከፈትሁ በኋላ ሣቄ መጣ፤ እርሷም ሣቀች፤ ዳቦውን ለሁለት ገምሳ መጀመሪያ ራሷ ጎረሰች።