ከመቶ የተያዘ ፈተና አማካዩ 160 ሲሆን

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ፓይተን የሚባለውን የፕሮግራም ቋንቋ መማር ገና መጀመሬ ነው። የተሰጠን አሳይመንት አምስት የፈተና ውጤት ተቀብሎ አማካዩን የሚመልስ ፋንክሽን (በስሙ እየተጠራ የሚሰራ የኮድ ክፍል) መጻፍ ነው። እኔ «ድምር» የሚል ቫሪያብል (ዋጋ የሚይዝ ስም) ከፋንክሽኑ ውጪ፣ ከላይ አስቀምጬ 0 ሰጠሁት። ፋንክሽኑ ውስጥ ደግሞ በፎር ሉፕ (ኮዱን እየደጋገመ በሚያስኬደው) እያንዳንዱን ውጤት እየተቀበልኩ ድምር ላይ እጨምራለሁ። ራን ሳደርገው የመጀመሪያውን ውጤት እንዳስገባሁ «አንባውንድ ሎካል ኤረር» ብሎ ቆመ። ጓደኛዬ «ግሎባል ድምር» ብለሽ ጨምሪበት አለኝ። ጨመርኩ፣ ጠፋ፣ ግን ወዲያው «ታይፕ ኤረር» (የዓይነት ስህተት) መጣ። ውጤቱን ወደ ኢንት (ሙሉ ቁጥር) ስቀይረው እሱም ጠፋ። 60፣ 70፣ 80፣ 90 እና 100 ሳስገባ 80 አለኝ፤ ደስ አለኝ። ከዚያ ለሌላ ተማሪ ፋንክሽኑን ደግሜ ስጠራው፣ ያንኑ ቁጥሮች ባስገባም 160 አለኝ! ድምርን 0 የሚያደርገውን መስመር ሉፑ ውስጥ ከተትኩት። አሁን ደግሞ 20 ይላል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ እህቴ፣ ጥያቄሽን የወደድኩት ቁጥሮቹን ስለጻፍሽልኝ ነው። ብዙ ሰው «አልሰራልኝም» ብቻ ብሎ ይልካል። ያንቺ ቁጥሮች ግን ራሳቸው ይናገራሉ። 160 ማለት 800 ለ5 ሲካፈል ነው፣ 800 ደግሞ የ400 እጥፍ ነው፤ ስለዚህ የመጀመሪያው ተማሪ ድምር ሳይነሳ ሁለተኛው ተጨምሮበታል። 20 ደግሞ 100 ለ5 ሲካፈል ነው። የመጨረሻው ውጤት ብቻ ተርፎ የቀሩት አራቱ ጠፍተዋል ማለት ነው። የተሳሳተ መልስ ስታገኚ ቶሎ ኮዱን መነካካት አትጀምሪ፤ መጀመሪያ «ይሄ ቁጥር ከየት ሊመጣ ይችላል?» ብለሽ በወረቀት አስይው።

አሁን ወደ መጀመሪያው ኤረር። አንባውንድ ሎካል ኤረር ጀማሪን የሚያናድደው «ከላይ 0 ሰጥቼው የለም እንዴ?» ስለሚያሰኝ ነው። ሰጥተሽዋል። ነገር ግን ፓይተን ፋንክሽኑን ገና ሳያስኬደው ውስጡን ያይና፣ ከእኩል ምልክት በስተግራ የተቀመጠን ስም የዚያ ፋንክሽን የራሱ ቫሪያብል ነው ብሎ ይወስናል፤ ውሳኔውም ከዚያ መስመር ወዲህ ብቻ ሳይሆን ለፋንክሽኑ በሙሉ ነው። አንቺ «ድምር = ድምር + ውጤት» ስትዪ በግራ ያለው ስሙን የፋንክሽኑ አደረገው። በቀኝ ያለው ደግሞ ሊነበብ ሲል የውስጡ ድምር ገና ምንም ዋጋ የለውም። ከላይ 0 የያዘው ሌላ ድምር ነው። ሞክሼዎች ናቸው እንጂ አንድ አይደሉም። ፋንክሽኑ ውስጥ ድምርን ማንበብ ብቻ ቢሆን ኖሮ፣ ፓይተን የውጪውን ያለ ምንም ችግር ያነብልሽ ነበር። ግራ የሚያጋባውም ይሄው ነው፤ አዲስ ዋጋ መስጠት ሲመጣ ነው ነገሩ የሚለወጠው።

የጓደኛሽ ምክር ኤረሩን ያጠፋል፣ እውነት ነው። ግን ለዚህ አሳይመንት መፍትሄ አይደለም ባይ ነኝ። «ግሎባል» ስትዪ የውጪውን ድምር ተጠቀም ማለትሽ ነው፤ የውጪው ድምር ደግሞ ፋንክሽኑ ሲያልቅ አብሮ አይጠፋም። 400 ይዞ ቁጭ ይላል። 160 የመጣውም ከዚያ ነው። የመጀመሪያው ጥሪ ላይ ትክክል ስለሚሰራ ደግሞ ብዙ ተማሪ አንዴ ሞክሮ ያስረክበዋል፣ መምህሩ ሁለተኛ ሲጠራው ይበላሻል።

መድኃኒቱ አንድ መስመር ማዛወር ነው። «ድምር = 0» የሚለውን ፋንክሽኑ ውስጥ አስገቢው፣ ግን ከሉፑ በፊት ይሁን። እዚያ ሲሆን ፋንክሽኑ በተጠራ ቁጥር ከ0 ይጀምራል፣ ሉፑ ሲዞር ግን አይነካውም። ሉፑ ውስጥ ስታስገቢው እያንዳንዱ ዙር የቀደመውን ያጠፋዋል። «ግሎባል» የሚለውንም አጥፊው፣ አያስፈልግሽም።

ታይፕ ኤረሩን በትክክል ነው ያስተካከልሽው፤ ምክንያቱን ግን እወቂው። በፓይተን 3 ተጠቃሚው የጻፈውን የሚቀበለው ኢንፑት የሚመልሰው ምንጊዜም ስትሪንግ (ጽሑፍ) ነው። ተጠቃሚው 60 ቢጽፍ ላንቺ የሚደርስሽ 6 እና 0 የሚባሉ ሁለት ፊደላት ናቸው። ድምርሽ ቁጥር ስለነበር ፓይተን መደመሩን እምቢ አለ፣ ይሄ እንደውም ጥሩ ነው። ሁለቱም ስትሪንግ ቢሆኑ ኖሮ 60 እና 70 ያለ ምንም ኤረር 6070 ይሆኑ ነበር። ውጤቱ 72.5 ዓይነት ሊሆን የሚችል ከሆነ ደግሞ በኢንት ፋንታ ፍሎት (ነጥብ ያለው ቁጥር) ተጠቀሚ፤ ኢንት በ72.5 ላይ ቫልዩ ኤረር ይሰጥሻል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር፣ ጀማሪ ሁሉ ቢያውቀው ደስ ይለኛል። ቫሪያብል ምን እንደያዘ ለማየት ፕሪንት ማድረግ (ስክሪን ላይ ማውጣት) ጥሩ ልማድ ነው፤ ግን ፕሪንት ቁጥሩን 60 እና ስትሪንጉን 60 ለዓይን አንድ አድርጎ ነው የሚያወጣቸው። ስለዚህ ታይፕ በሚባለው ፋንክሽን ዓይነቱንም አብረሽ አሳዪ። ወይ ሬፐር (repr) የሚባለውን ፋንክሽን ተጠቀሚ፣ ስትሪንግ ከሆነ ከነትምህርተ ጥቅሱ ያወጣልሻል። ፕሪንቱን ሉፑ ውስጥ አድርጊው፤ ድምር በየዙሩ 60፣ 130፣ 210፣ 300፣ 400 እያለ ማደጉን በዓይንሽ ታዪያለሽ። ይሄ ሁሉ ፕሪንት ከሰለቸሽ ቶኒ (Thonny) የሚባለው የጀማሪዎች ኤዲተር ቫሪያብሎችን በጎን መስኮት ያሳያል፣ መስመር በመስመርም ያስኬድልሻል።

ቫሪያብሎችሽን በአማርኛ መሰየምሽም ችግር የለውም። ፓይተን 3 የግዕዝ ፊደልን ይቀበላል። ግን «ዓመት» እና «አመት» ለኛ አንድ ቢሆኑም ለፓይተን ሁለት የተለያዩ ስሞች ናቸው። ከእኩል ምልክቱ በቀኝ በኩል ከተሳሳትሽ ኔም ኤረር (ይህን ስም አላውቀውም የሚል ስህተት) ይመጣል፤ በፈረንጆቹ 2021 ከወጣው 3.10 ወዲህ እንደውም የሚቀራረብ ስም ካገኘ «ይሄን ማለትህ ነው?» ብሎ ይጠቁማል። አደገኛው በግራ በኩል መሳሳት ነው። ያኔ ምንም ኤረር የለም። ዝም ብሎ አዲስ ቫሪያብል ይፈጠራል፣ የድሮው ደግሞ እንደነበረ ይቀራል።

ጥያቄ፦ በጁፒተር ኖትቡክ (ኮዱ ሴል በሚባሉ ክፍሎች ተከፋፍሎ ራን በሚደረግበት) ነው የምሰራው። ድምሩን የያዘውን ቫሪያብል ሰም (sum) ብዬ ሰየምኩት። በኋላ አንድ ሊስት (የቁጥሮች ዝርዝር) ለመደመር የፓይተኑን ሰም የሚባል ፋንክሽን ስጠራ «ኢንት ኦብጀክት ኢዝ ኖት ኮለብል» (ቁጥር እንደ ፋንክሽን አይጠራም) አለኝ። የቫሪያብሉን ስም ቀየርኩ፣ ግን ኤረሩ አልጠፋም። ለምን?

መልስ፦ ወንድሜ፣ የመጀመሪያውን ግማሽ ገምተኸዋል። ፓይተን አንድን ስም ሲፈልግ መጀመሪያ አንተ የሰየምከውን ያያል፣ የራሱን የሚያየው በመጨረሻ ነው። ስለዚህ ያንተ ሰም የፓይተኑን ሰም ሸፈነው፣ አንተም ቁጥርን እንደ ፋንክሽን ጠራኸው። ሊስት፣ ማክስ፣ ስትር እና ኢንፑት የሚሉትንም ስሞች ለቫሪያብል አትጠቀምባቸው።

ስሙን ቀይረህም ያልጠፋው ኖትቡክ ስለሆነ ነው። ሴሉ ላይ ያለውን ጽሑፍ ብትቀይረውም የቀድሞው ዋጋ ከርነሉ (ከጀርባ ሆኖ ኮዱን የሚያስኬደው ፕሮግራም) ውስጥ እንዳለ ነው። ከርነሉን ሪስታርት አድርገህ ሴሎቹን ከላይ ወደ ታች በቅደም ተከተል ራን አድርጋቸው። ከማስረከብህ በፊትም እንደዚሁ አድርግ፤ የመምህሩ ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት አንተ ጋ ተርፎ የነበረው ዋጋ አይኖርም።