ደብተሩ ሲዘጋ ከእኛ ጋር የሚቀረው

ውድ እህቴ፣ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ዘንድሮ እንደጀመርሽ፣ ማታ ማታ ለሦስት ሰዓት ያህል ደብተርሽን እንደምታነቢ፣ ፈተና ላይ ስትቀመጪ ግን ያነበብሽው ሁሉ ድራሹ እንደሚጠፋብሽ ገልጸሽ፣ ጥሩ የጥናት ልማድ እንዴት እንደሚዳብር ጠይቀሻል። ከእኔ በፊት መልስ የሰጡት ብዙዎቹ ሰዓት እንድትጨምሪ መክረውሻል። በእኔ አስተያየት ግን ሦስት ሰዓት ለአንቺ ዕድሜ ከበቂም በላይ ነው፤ ችግሩ ያለው በሰዓቱ ውስጥ በምትሠሪው ሥራ ላይ ነው። ይህን የምለው እኔም እንደ አንቺ ሳጠና ስለኖርኩና በኋላም ለ11 ዓመታት ሳይንስ ሳስተምር ይኸው ስሕተት በየዓመቱ በሚመጡት ተማሪዎች ላይ ሲደገም ስላየሁ ነው።

ስምንተኛ ክፍል ሳለሁ ለባዮሎጂ ፈተና ስለ ደም ዝውውር የሚናገረውን ምዕራፍ አራት ጊዜ ደጋግሜ አንብቤ፣ ዋና ዋና የመሰለኝን ሁሉ በቢጫ ቀለም አስምሬበት፣ ተዘጋጅቻለሁ ብዬ ተኛሁ። በማግስቱ የቀረበልን ጥያቄ ደም ከቀኝ የልብ ክፍል ተነሥቶ ወደ ሳንባ ደርሶ እስኪመለስ ያለውን ጉዞ በቅደም ተከተል እንድንጽፍ የሚጠይቅ ነበር። ሥዕሉ በግራው ገጽ ከላይ በኩል እንዳለ ትዝ አለኝ፤ ቀስቶቹ ቀይና ሰማያዊ እንደነበሩም አልረሳሁም፤ ከየት ተነሥተው ወዴት እንደሚሄዱ ግን መጻፍ አልቻልኩም። ለካስ ያጠናሁት የገጹን መልክ እንጂ ትምህርቱን አልነበረም።

አንድን ገጽ ደጋግመን ስናነብ ዓረፍተ ነገሮቹ ለዓይናችን እየተላመዱ ይሄዳሉ፤ እኛም ይህን መላመድ እንደ ዕውቀት እንቆጥረዋለን። አንድን ሰው መንገድ ላይ አይቶ መለየትና ሰውየው በሌለበት መልኩን በወረቀት ላይ መሣል የተለያዩ ችሎታዎች እንደሆኑ ሁሉ፣ የተጻፈውን ዓይቶ «አውቀዋለሁ» ማለትና ያለ ደብተር ማስታወስም የተለያዩ ናቸው። ፈተና የሚጠይቀው ደግሞ በአብዛኛው ሁለተኛውን ነው። ሄንሪ ሮዲገርና ጄፍሪ ካርፒኪ የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች በ2006 ባሳተሙት ጥናት አንዳንድ ተማሪዎች አንድን ጽሑፍ ደግመው እንዲያነቡ፣ ሌሎቹ ደግሞ ካነበቡ በኋላ ጽሑፉን ሳያዩ ያስታወሱትን እንዲጽፉ አደረጉ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ ደግመው ያነበቡት በለጡ፤ ከሁለት ቀንና ከአንድ ሳምንት በኋላ በተሰጠው ፈተና ግን ብልጫው ጽሑፉን ሳያዩ አስታውሰው የጻፉት ሆነ። ማታ «ያዝኩት» ብለሽ ተኝተሽ ከቀናት በኋላ የሚጠፋብሽ በዚሁ ምክንያት ሳይሆን አይቀርም።

እንግዲህ እንድትጀምሪው የምመክርሽ ልማድ ይህ ነው፦ የዕለቱን ትምህርት አንድ ጊዜ በጥሞና አንብቢ፤ ደብተሩን ዝጊ፤ ባዶ ወረቀት አውጥተሽ የምታስታውሺውን ሁሉ በራስሽ አነጋገር ጻፊ፤ ከዚያ ደብተሩን ከፍተሽ የጎደለውንና የተሳሳተውን በሌላ ቀለም አርሚ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሦስትና አራት መስመር ብቻ ጽፈሽ ብዕርሽ ሊቆም ይችላል። ይህን ጊዜ አብዛኞቹ ተማሪዎቼ «ይህ ዘዴ ለእኔ አይሆንም» እያሉ ወደ ማንበብ ይመለሱ ነበር፤ ነገር ግን ጭንቅላትሽ የጠፋበትን ለመፈለግ የሚታገልበት ያ አስጨናቂ ጊዜ ዋናው ጥናት ነው፤ ስለዚህ ደብተሩን ለመክፈት አትቸኩዪ።

ለሒሳብ አካሄዱ ትንሽ ይለያል። መምህሩ የሠራውን ምሳሌ በዓይን መከተል ሒሳብ ማጥናት አይደለም፤ መልሱን በወረቀት ሸፍነሽ ራስሽ ሥሪው፤ ስትደናቀፊ አንድ መስመር ብቻ ገልጠሽ ቀጥዪ። አንድ ዓይነት ጥያቄ ሃያ ጊዜ ከመሥራት ይልቅም ካለፉት ምዕራፎች ጥያቄዎች እየቀላቀልሽ ብትሠሪ ይሻላል፤ ፈተና ላይ የትኛው ዘዴ ለየትኛው ጥያቄ እንደሚሆን የሚነግርሽ የምዕራፍ ርዕስ የለምና።

ሁለተኛው ጉዳይ ክለሳ ነው። ጀርመናዊው ሄርማን ኤቢንግሃውስ ትርጉም የሌላቸውን ቃላት መሰል ድምፆች በቃሉ እየያዘ በራሱ ላይ ባደረገውና በ1885 ባሳተመው ምርምር፣ የያዝነው ነገር በብዛት የሚጠፋው በመጀመሪያዎቹ ሰዓታትና በመጀመሪያው ቀን እንደሆነ፣ ከዚያ በኋላ ግን መርሳቱ እየዘገየ እንደሚሄድ አሳይቷል። ስለዚህ አንድን ምዕራፍ ለፈተና ዋዜማ አከማችቶ አራት ሰዓት ከመሸምደድ፣ በተማርሽበት ዕለት፣ በማግስቱ፣ ከሦስት ወይም ከአራት ቀን በኋላና በሚቀጥለው ሳምንት ዐሥር ዐሥር ደቂቃ መመለሱ የበለጠ ይጠቅማል። እኔ ተማሪዎቼን በየደብተራቸው ገጽ ግርጌ ከገጹ የሚወጡ ሦስት ጥያቄዎች እንዲጽፉ አደርጋቸው ነበር። ክለሳቸው ገጹን ሸፍኖ እነዚያን ጥያቄዎች መመለስ ብቻ ስለነበር፣ ምን ልከልስ ብለው የሚያባክኑት ጊዜ አልነበረም።

ልማዱ ራሱ እንዴት ይጸናል ላልሽው፣ «ዛሬ ማታ አጠናለሁ» የሚለው ውሳኔ ሰዓትም ቦታም ስለሌለው ከእጅ ያመልጣል። «ከትምህርት ቤት ተመልሼ ምግብ እንደበላሁ፣ በዚህ ጠረጴዛ ላይ፣ በሒሳብ እጀምራለሁ» ብለሽ ሁልጊዜ ከምታደርጊው ነገር ጋር እሰሪው። ሲጀመር ሃያ ደቂቃ ይበቃል። ፍራንቼስኮ ቺሪሎ የተባለ ጣሊያናዊ በ1980ዎቹ መጨረሻ ተማሪ ሳለ የጀመረው፣ 25 ደቂቃ ሠርቶ አምስት ደቂቃ የማረፍ ዘዴ ለብዙዎች ተስማምቷል፤ ቁጥሩ ግን ሕግ ስላልሆነ ለአንቺ 15 ከተመቸሽ በ15 ጀምሪ። አንድ ቀን ቢያመልጥሽ የዚያን ቀን ዕዳ በማግስቱ ላይ አትደርቢ፤ ብዙ ተማሪ ልማዱን የሚተወው ቀን ስለዘለለ ሳይሆን እጥፍ ልክፈል ብሎ ስለሚሰለቸው ነው። ስልክሽን በተመለከተ፣ ድምፁን አጥፍቶ ጠረጴዛ ላይ መተው አይበቃምና ሌላ ክፍል አስቀምጪው። (ይህን መልስ እየጻፍኩ እኔ ራሴ ስልኬን ሁለት ጊዜ አንሥቻለሁ።)

እንቅልፍንም አትቁረጪ። የአሜሪካ የእንቅልፍ ሕክምና አካዳሚ በ2016 ባወጣው ምክር ከ13 እስከ 18 ዓመት ያሉ ልጆች በቀን ውስጥ ከ8 እስከ 10 ሰዓት እንዲተኙ ይላል። በቀን የተማርነው በአእምሯችን የሚረጋው በእንቅልፍ ጊዜም ጭምር ስለሆነ፣ ለፈተና ብሎ ሌሊቱን ማጋመስ በአንድ እጅ የሰበሰቡትን በሌላው መበተን ነው።

ያንን የሦስት ሰዓት ንባብሽን ወደ አንድ ሰዓት ዝቅ አድርጊና ለመጀመሪያው ወር ባዶውን ወረቀት በአንድ ትምህርት ላይ ብቻ ሞክሪው፤ በሁሉም ላይ በአንዴ ብትጀምሪ በሳምንቱ ትተዪዋለሽ። እጅግ የሚከብድሽን ትምህርት ሳይሆን መካከለኛውን ምረጪ። በወረቀቶቹ ላይ ቀን እየጻፍሽ አስቀምጫቸው፤ በአራተኛው ሳምንት የመጀመሪያውን ከመጨረሻው ጎን አስቀምጠሽ በሌላው ቀለም የታረመው ቀንሶ እንደሆነ ተመልከቺ። ካልቀነሰ ወረቀቶቹ ላይ ያየሽውን እዚሁ ጻፊልንና የት ላይ እንደሚያዝሽ አብረን እናያለን።