ብርቅዬዋን ወፍ ለምትፈልጉ ልጆች

ልጆቼ፣ ይህን የምጽፈው ባይኖኩላር አንግታችሁ ከባሕር ዳር ወደ ፎገራ ለምትወጡት ነው። አስጎብኚ መሆን የምትፈልጉ አላችሁ፤ ባዮሎጂ የምትማሩም አላችሁ። የምትጠይቁኝ ግን አንድ ነገር ነው፦ «ጋሼ፣ ብርቅዬዋን ዲሞዜል ክሬን የት እናገኛታለን?»

እኔ ደግሞ ስለ ተራዋ፣ ስለ ግራጫዋ ክሬን ልጠይቃችሁ፤ ያቺ አንገተ ረጅም፣ እግረ ረጅም ትልቅ ወፍ። እሷን በደንብ ታውቋታላችሁ?

በጋውን ጣና ዳር የሚያሳልፉት ግራጫ ክሬኖች ብዙ ሺህ ናቸው። የሰሜኑን ብርድ ሸሽተው ይመጣሉ፤ የካቲት ሲያልቅ ይመለሳሉ። ኢስቶኒያ ውስጥ የሳተላይት መከታተያ የታሰረላቸው ክሬኖች እኛ አገር ድረስ መጥተዋል። ሌሊቱን ጥልቀት በሌለው ውሃ ውስጥ ቆመው ያድራሉ። ሲነጋ ወደ ማሳው ይበተኑና ከሩዙ አጨዳ የተራረፈውን ይለቅማሉ።

የምትመኟት ዲሞዜል ክሬን እዚህ መሐል ብትገባ ቶሎ ዓይን ውስጥ አትገባም። እሷም ግራጫ ናት። በቁመት ታንሳለች፤ ለብቻዋ ከቆመች ግን መጠኗ ያታልላል፣ ስለዚህ ከጎኗ ካለችው ጋር አስተያዩ። ከዚያ ደረቷን እዩ። የተራዋ ክሬን ጥቁር ላባ አንገቷ ላይ ያበቃል። የዲሞዜሏ ወርዶ ደረቷ ላይ እንደ ነጠላ ጫፍ ይንጠለጠላል። ነጩን ብቻ አይታችሁ እንዳትቸኩሉ፤ ሁለቱም ከዓይናቸው ጀርባ ነጭ አላቸው። ልዩነቱ የዲሞዜሏ ረዘም ብሎ የተንዠረገገ ላባ መሆኑ ነው። የተራዋ አናት ላይ ያለው ቀይ ምልክትም እሷ ላይ የለም።

የዓመቱ የክሬን ልጆች ሌላ ፈተና ናቸው። ራሳቸው ቡናማ ነው፣ ቀዩም ጥቁሩም ገና አልወጣላቸውም። ግን በመጀመሪያው በጋ ከእናት ከአባታቸው አይለዩም። «ይቺ ምንድን ናት?» ያሰኘቻችሁ ወፍ ከማን ጋር እንደቆመች ካያችሁ ብዙ ጊዜ መልሱ እዚያው ነው።

ጠዋት ፀሐይን ከጀርባችሁ አድርጉ። ከመንጋው አንድ ጫፍ ጀምራችሁ አንድ በአንድ እለፉ። ሲለቅሙ አንገታቸው የተደፋ ስለሆነ ደረት አይታይም፤ ቀና እስኪሉ ጠብቁ። እዚህ ላይ ነው አብዛኛው ሰው የሚሰለቸው። አትጠጉ። አንዷ ቀና ብላ ካፈጠጠችባችሁ፣ ጎረቤቶቿም ከተከተሏት፣ እዚያው ቁሙ። መንጋው ከተነሣ ቆጠራውም ጠፋ፣ ወፎቹም ቁርሳቸውን ተነጠቁ። እረኞቹን ሰላም በሏቸው፣ ጠይቋቸው። የትኛው ማሳ ላይ እንደሚውሉ ከእነሱ የተሻለ የሚያውቅ የለም።

አስጎብኚ ለምትሆኑት አንድ ነገር አጥብቄ ልንገራችሁ። እንግዳው ከሩቅ መጥቷል፣ ቅር አይበለው ብላችሁ፣ ወይም ለቲፕ ስትሉ፣ ያላረጋገጣችኋትን ወፍ «ያቻት!» አትበሉ። ይሄ በጣም ያናድደኛል። እሱ አምኖ ይጽፈዋል፤ ሌላው ያንን አንብቦ ይመጣል። አንድ የውሸት መረጃ አንዴ ከተመዘገበ ማን ያወጣዋል? «እርግጠኛ አይደለሁም» ማለት ሙያ ነው።

እኔን ብትጠይቁኝ፣ በጥንቃቄ የተቆጠረ የተራ ክሬን ቁጥር ከአንዲት ብርቅዬ ይበልጥብኛል። ስንቱ ጥንድ ልጅ ይዞ መጣ? አንድ ነው ሁለት? ማደሪያቸው ካምናው ቦታ ነው ወይስ ተዛወሩ? እንቦጭ ከ2004 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ የጣናን ሰሜናዊና ምሥራቃዊ ዳርቻ እየወረረ ነው። ክሬን ደግሞ ለማደሪያዋ ገላጣ ውሃ ትፈልጋለች። የሐይቁን ጤና የምትነግረን ይህቺው በየማሳው የምናልፋት ወፍ ናት።

በየዓመቱ በፈረንጆቹ ጃንዋሪ በብዙ አገሮች የውሃ ወፎች ቆጠራ ይካሄዳል። እናንተም በዚያው ሰሞን ውጡ። ዲሞዜል ካላያችሁ «አላየንም» ብላችሁ ጻፉ። የት እንደቆማችሁ፣ ከስንት ሰዓት እስከ ስንት ሰዓት እንዳያችሁ፣ ስንት ተራ ክሬን እንደቆጠራችሁም አብራችሁ አስፍሩ።