ሱሉልታ ላይ ስብ ሊያቃጥሉ ለሚመጡ ወገኖች

ከሎንደንም ሆነ ከዋሽንግተን ለእረፍት የሚመጡ ወገኖቻችን ሻንጣቸው ውስጥ አዲስ የመሮጫ ጫማ ይዘው ሲመጡ ደስ ይለኛል። ዓመቱን ሙሉ መኪና ውስጥና ኮምፒውተር ፊት ተቀምጦ የከረመ ሰው አገሩ ሲገባ ቦርጩን ለመቀነስ ቢነሣ የሚደገፍ ነው። የማልደግፈው በገባ በማግስቱ ሱሉልታ ወጥቶ አትሌቶቹን ተከትሎ መሮጡን ነው። አንድ ኪሎ ሜትር ሳይሞላ ጉልበቱን ይዞ ያጎነብሳል፤ በሦስተኛው ቀን ደግሞ ጫማው አልጋ ሥር ገብቷል።

ላብ በበዛ ቁጥር ስብ የሚቀልጥ የሚመስላቸው ብዙ ናቸው። ላብ ውሃ ነው፤ ሲጠጡ ይመለሳል።

ሰውነት ሲንቀሳቀስ ኃይል የሚያገኘው በዋናነት ከስብና ከካርቦሃይድሬት ነው። እንቅስቃሴው ቀላል ሲሆን የስቡ ድርሻ ይበልጣል፤ እየከበደ ሲሄድ ጡንቻው ቶሎ ኃይል ወደሚሰጠው ካርቦሃይድሬት ያዘነብላል። በመካከል በደቂቃ የሚቃጠለው ስብ ከሁሉም የሚበዛበት ደረጃ አለ። ባለሙያዎች ይህን የሚያገኙት ለሰውየው የመተንፈሻ ጭምብል አድርገው፣ በመሮጫ ማሽን ላይ በየጥቂት ደቂቃው እያከበዱበት፣ የሚጠቀመውን ኦክስጅንና የሚያስወጣውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ በመለካት ነው። ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ለኦክስጅኑ ሲካፈል ውጤቱ ወደ 0.7 ከተጠጋ በአብዛኛው የሚቃጠለው ስብ ነው፤ ወደ 1 ከተጠጋ ካርቦሃይድሬት ነው።

ሰው ከሰው ቢለያይም፣ ልምምድ ለለመደ ሰው ይህ ደረጃ ብዙ ጊዜ ከከፍተኛ የኦክስጅን አቅሙ (ሰውነቱ በጣም ሲለፋ ሊጠቀም ከሚችለው የኦክስጅን መጠን) 60 በመቶ አካባቢ ነው። ተቀምጦ ለሚውል ሰው ከ40 እስከ 50 በመቶ ወዳለው ዝቅ ይላል። ይህ ለአብዛኞቻችሁ ፈጠን ያለ የእግር ጉዞ ነው፤ ሶምሶማ እንኳ አይደለም። ክብር የሚነካ ነገር ይመስላል፤ በተለይ የሰፈር ልጆች እያዩ።

እዚህ ላይ የአገራችን ከፍታ ይጨመራል። ከ1,500 ሜትር በላይ በየመቶ ሜትሩ ከፍተኛው የኦክስጅን አቅም በግምት አንድ በመቶ ይቀንሳል። ሱሉልታ ከ2,600 ሜትር በላይ ነው፤ የእንጦጦ አናት ደግሞ ከ3,000 ያልፋል። ስለዚህ ሎንደን መናፈሻ ውስጥ ከአቅማችሁ 50 በመቶ ይጠይቃችሁ የነበረው እርምጃ፣ ሱሉልታ ሜዳ ላይ በዚያው ፍጥነት ወደ 56 በመቶ ይወጣል። ዳገት ከገባበት ሒሳቡን ተዉት። የእጅ ሰዓታችሁ ያንኑ ፍጥነት ያሳያል፤ ሰውነታችሁ ግን ካሰባችሁት ደረጃ አልፏል። አትሌቶቹን በማየት ራሳችሁን አትለኩ፤ ብዙዎቹ በዚህ አየር ተወልደው ያደጉና ለዓመታት የሠለጠኑ ናቸው።

የልብ ምት ከፍጥነት የተሻለ መለኪያ ነው፤ እሱም ቢሆን እንከን አለው። ከ220 ላይ ዕድሜን መቀነስ የሚባለው ቀመር ለአንድ ሰው ከአሥር ምት በላይ ሊሳሳት ይችላል። የ45 ዓመት ሰው በቀመሩ ሲሄድ በደቂቃ ከ105 እስከ 120 ምት ባለው ክልል ቢጀምር መልካም ነው። አንዳንድ የደም ግፊት መድኃኒቶች የልብ ምትን ስለሚያዘገዩ ለሚወስዷቸው ሰዎች ይህ ቁጥር አይሠራም።

እኔ የምተማመነው በንግግር ነው። ከከተማው ወጣ ስትሉ መንገድ ላይ የምታገኟቸው አባት በኦሮምኛም ይሁን በአማርኛ ስለ ጤናችሁ፣ ስለ ልጆቻችሁ፣ ስለ ዝናቡ ይጠይቋችኋል። እርምጃችሁን ሳታቋርጡ ሙሉ ዓረፍተ ነገር መመለስ ከቻላችሁ ደረጃው ትክክል ነው። በየሁለት ቃሉ ትንፋሽ ካጠራችሁ ቀንሱ። መዝፈን ከቻላችሁ ደግሞ ትንሽ ጨምሩ።

የመጀመሪያዎቹን ሦስት አራት ቀናት ሜዳ ላይ ብቻ ተራመዱ። እንጦጦን ለሁለተኛው ሳምንት አቆዩት። የጭነት መኪና ከሚበዛበት የጎጃም መንገድ ዳር ይልቅ በግጦሽ ሜዳው በኩል ያለው የእግር መንገድ ይሻላል፤ ጭሱም አቧራውም ይቀንሳል። ጨለማ ሳለ አትውጡ፤ ውሾቹ እናንተን አያውቋችሁም፤ ጅብም አለ። ደረታችሁን የሚጨምድድ ሕመም ከተሰማችሁ ቆማችሁ ሐኪም ፈልጉ።

ቁርስ ሳይበሉ መሄድ የስቡን ድርሻ ከፍ ያደርጋል፤ ስኳር የበዛበት ሻይና ዳቦ ግን ኢንሱሊንን አስነሥቶ የስቡን ድርሻ ለሰዓታት ዝቅ ያደርገዋል። ሆኖም ጠዋት የተቃጠለው በቀኑ ውስጥ በሚበላው ስለሚካካስ ከዚህ ብዙ አትጠብቁ። ኢንሱሊን የሚወስድ የስኳር ሕመምተኛ ሐኪሙን ሳያማክር በባዶ ሆድ አይውጣ።

ቁጥሩንም እንነጋገርበት፤ ደስ የማይል ቢሆንም። ተቀምጦ የሚውል ሰው በዚህ በተሻለው ደረጃ እንኳ በደቂቃ 0.3 ግራም ያህል ስብ ቢያቃጥል፣ በሰዓት 18 ግራም ነው። አንድ ኪሎ የሰውነት ስብ ወደ 7,700 ካሎሪ ይይዛል። ዘመድ ሁሉ ክትፎና ጠጅ ይዞ በሚጠብቅበት የእረፍት ወር ሚዛኑ ወደየት እንደሚያደላ ራሳችሁ ታውቁታላችሁ። ጠንከር ያለ ልምምድም ቢሆን ስብ ይቀንሳል፤ ክብደት የሚወስነው በቀን በወጣውና በገባው ካሎሪ መካከል ያለው ልዩነት ነውና። የቀላሉ እርምጃ ብልጫ ጉልበት ሳይጎዳ በየቀኑ ሊደገም መቻሉ ነው። ሲደጋገም ደግሞ የጡንቻ ሕዋሳት ስብ የማቃጠል አቅማቸው በሳምንታት ውስጥ ይጨምራል፤ ያ ደረጃም ቀስ በቀስ ወደ ላይ ይወጣል።

የዓለም ጤና ድርጅት በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ይመክራል፤ አምስት ቀን በቀን ግማሽ ሰዓት ማለት ነው። ስትመለሱ የሱሉልታውን ፍጥነት ይዛችሁ አትሂዱ፤ እዚያ አየሩ ስለሚበዛላችሁ በዚያው ትንፋሽ ፈጠን ብላችሁ መራመድ ትችላላችሁ።